የኢያሪኮ ቅጥር



በአስቂኝ የፍቅር ፊልም ሁለቱ ወጣቶች በመጨረሻ እንደሚጣመሩ ተመልካቹ ከመነሻው ያውቃል። ስለዚህ የድርሰቱ ኃይል የሚመዘነው በመካከላቸው በሚቆመው መሰናክል ነው።

አሜሪካዊው ፍራንክ ካፕራ በ1934 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» ለዚህ አብነት ይሆናል። ከአባቷ የኮበለለች የባለጸጋ ልጅና ሥራውን ያጣ ጋዜጠኛ በአውቶቡስ ጉዞ ይገናኛሉ። በአንድ ክፍል ሲያድሩ ጋዜጠኛው በአልጋዎቹ መካከል ብርድ ልብስ በገመድ ሰቅሎ «የኢያሪኮ ቅጥር» ይለዋል። ቅጥሩ የእርሷን ኩራትና የእርሱን ግትርነት ያመለክታል። በኋላም ጋዜጠኛው የ10,000 ዶላሩን ወሮታ ትቶ ለጉዞው ያወጣውን 39 ዶላር ከ60 ሳንቲም ብቻ ከአባቷ ሲጠይቅ የልቡ እውነት ይገለጣል። በፍጻሜው የመጫወቻ መለከት ይነፋል፤ ብርድ ልብሱም ይወድቃል።

መሰናክሉ ከገጸ ባሕርያቱ ልብ ካልበቀለ ጥምረታቸው የአጋጣሚ ውጤት ሆኖ ይቀራል።