አንዱን ካርድ ስነካ ሁሉም ተነካ



ሐኪም ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ላውራ ብላ ስትነሣ ግር እንደሚላችሁ አውቃለሁ። ግን ነገሩ የመጣው ከሥራዬ ነው። ዱከም፣ ከፋብሪካዎቹ ብዙም በማይርቅ አንድ ክሊኒክ ስሠራ የቲቢ ታካሚዎችን ካርድ በእጅ መጻፍ ሰለቸኝና በፓይተን አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። መደበኛ ካርዱ ስም፣ ክብደትና የመድኃኒት ዝርዝር አለው፤ በዝርዝሩም ለመጀመሪያዎቹ 2 ወራት የሚሰጡት አራቱ አሉ፦ ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል። አዲስ ታካሚ ሲመጣ ካርዱን «ኮፒ» በሚለው ትእዛዝ አባዝቼ ስምና ክብደት እሞላለሁ። ሠራልኝ፤ ኮራሁም።

አንድ ታካሚ ጉበቱ ተጎዳ። መድኃኒቶቹን አቁመን ቆይተን ስንመልስለት ፒራዚናማይድን ተውነው፤ እኔም ከካርዱ ሰረዝኩት። በማግስቱ ሲስተር የታተሙትን ካርዶች ይዘው መጡና፣ «ዶክተር፣ የሁሉንም ፒራዚናማይድ አቆሙ እንዴ?» አሉኝ። ባይጠይቁኝ ኖሮ… ይቅር።

ምን ሆኖ መሰላችሁ? «ኮፒ» የሚያባዛው ላዩን ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ታካሚ አዲስ ማህደር ይሰጣል፤ ውስጡ ግን «ዝርዝሩ መደርደሪያው ላይ አለ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ነው የሚከተው። ስም ስቀይር ስሙ በራሱ ማህደር ስለሆነ ሌላው አይነካም። ዝርዝሩ ውስጥ ገብቼ ስሰርዝ ግን ሁሉም የሚያዩትን አንዱን ዝርዝር ሰረዝኩ። መደበኛው ካርድም ሳይቀር ተበላሸ። የእኩልነት ምልክትማ ከዚህም ይብሳል፤ ምንም አያባዛም፣ ለዚያው ማህደር ሁለተኛ ስም ያወጣለታል እንጂ።

መፍትሔው እዚያው ፓይተን ውስጥ ያለው «ዲፕኮፒ» ነው፤ እየገባ ውስጡን ሁሉ ያባዛል። የእናት ካርድ ወደ ልጇ፣ የልጅ ካርድ ወደ እናቱ ቢመራ እንኳ ሲዞር አይኖርም፤ ያባዛውን እየመዘገበ ነው የሚሄደው።

ደንግጬ ሁሉንም በዚሁ ላባዛ ስል ደግሞ ሌላ ስሕተት ልሠራ ነበር። የመድኃኒት ክምችት ቆጠራውም ከካርዱ ጋር ተያይዟል። እሱ ቢባዛ እያንዳንዱ ታካሚ የራሱ ሙሉ መጋዘን ሊኖረው ነው፤ ክኒን ሲወጣ ዋናው ቆጠራ አይቀንስም። ስለዚህ የታካሚውን ዝርዝር ብቻ ነጥዬ አባዛለሁ፤ ክምችቱ አንድ ሆኖ ይቀራል።

ሲስተር ግን አሁንም የታተመውን ካርድ ከእጅ መዝገቡ ጋር ሳያስተያዩ መድኃኒት አይሰጡም።