«ዝናቡ ነው» ማለት መልስ ይሆናልን?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



በእንዲህ ያለ የደስታ ቀን ስለ መኪና አደጋና ስለ ካሣ ለመናገር መምረጣችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። በበዓል ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም መናገር የተለመደ ነውና። ነገር ግን ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማችን «የሰላም መንገድ» የሚል ስም ብታገኝም፣ ያ መንገድ በክረምት ወራት እግረኛውን ምን ያህል ሰላም እንደሚነሣው ከጅጋ ወይም ከቡሬ በኩል የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል።

ክረምት ሲገባ መንገዳችን ሌላ መንገድ ይሆናል። ከገጠሩ ጥርጊያ የሚወጣው አይሱዙና ትራክተር ጭቃውን በጎማው ተሸክሞ መጥቶ አስፋልቱ ላይ ያራግፈዋል፤ ካፊያ ሲወርድበት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ይወርዳል። ባጃጁ በግራና በቀኝ የላስቲክ መጋረጃውን ስለሚያወርድ ነጂው ወደ ጐን አጥርቶ አያይም። ገበሬው ደግሞ ገሳውን ከራሱ ላይ ደፍቶ ይሄዳል፤ ከኋላው የሚመጣውን መኪና አያይም፣ ዝናቡ ገሳውን ሲደበድበውም ድምፁን አይሰማም። ከብቶችም በመንገዱ ዳር የበቀለውን ለምለም ሣር ፍለጋ ይወጣሉ።

አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል የታወቀ ነው። ነጂው «ዝናቡ ነው፤ ፍሬኑ አልያዘልኝም» ይላል። የተጐጂው ቤተሰብም ብዙ ጊዜ «የእግዜር ቁጣ ነው፤ ምን ይደረጋል» ብሎ ይቀበላል። እኛ ዛሬ ልናስረዳ የፈለግነው አንድ ነገር ነው፤ ሕጋችን ይህን መልስ አይቀበለውም።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 እንደሚለው፣ የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ካስረዳ ግን ነፃ ይሆናል። ቁጥር 2086 ደግሞ በሩን ይበልጥ ያጠብበዋል። ባለቤቱ «እኔ አላጠፋሁም»፣ «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም»፣ «ልከላከለው አልቻልሁም»፣ «ያጠፋው ሌላ ሰው ነው» በማለት አይድንም። ኀላፊነቱ የሚቀርለት ወይም የሚቀነስለት ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጐጂው ጥፋት የደረሰ እንደ ሆነ ነው። እንግዲህ ዝናቡ፣ ጉሙና ጭቃው የሚገቡት «ልከላከለው አልቻልሁም» ከሚለው ውስጥ ነው፤ እሱም በር ተዘግቷል።

የዚህን ሕግ ረቂቅ ያዘጋጁት ረኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ነበሩ። የሚያስደንቀው ግን በክረምት በረዶ በሚወርድባት በገዛ አገራቸው በፈረንሳይ፣ ነጂው በተጐዳው እግረኛ ላይ «ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር ገጠመኝ» ብሎ እንዳይከራከር የሚከለክለው ልዩ ሕግ የወጣው በ1977 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ይኸውም የኛ ሕግ ከታወጀ ከ25 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ የጎጃም እግረኛ የፓሪሱን እግረኛ ቀድሞት ነበር፤ ማን ነገረው እንጂ!

«ገሳ ደፍቶ መሄዱስ የተጐጂው ጥፋት አይደለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ይህን የሚወስነው ዳኛው ነው። በኛ አስተያየት ግን በዝናብ ገሳ መልበስ በፀሐይ ጥላ ከመያዝ የተለየ አይደለም፤ መጠንቀቅ የሚገባው ብረቱን የያዘው ነው። ሳያይ ወደ መኻል መንገድ ዘልሎ የገባ ሰው ነገር ግን ሌላ ነው። እንዲሁም ትኬት ቆርጦ የተሳፈረ መንገደኛ ጉዳዩ በማጓጓዣ ውሉ የሚታይ ስለ ሆነ ለብቻው ንግግር የሚያስፈልገው ነው፤ እንለፈው።

ሁለት መኪኖች የተጋጩ እንደ ሆነ ሕጉ መልኩን ይለውጣል። በቁጥር 2084 መሠረት ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደ ሆኑ ይገመታል፤ የጉዳቱም ጠቅላላ ድምር ለሁለት ይከፈላል። ይህ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ነገር ግን በቁጥር እንየው። አንድ አይሱዙና አንድ ባጃጅ በጉም ውስጥ ተጋጩ እንበል። የአይሱዙው ጉዳት 240,000 ብር፣ የባጃጁ 60,000 ብር ቢሆን ድምሩ 300,000 ብር ነው፤ እያንዳንዱ 150,000 ብር ይሸከማል። ስለዚህ ባጃጁ የተሰበረበት ሰው የራሱን ኪሣራ ችሎ 90,000 ብር ደግሞ ለአይሱዙው ባለቤት ይከፍላል ማለት ነው! ከዚህ የሚድነው አደጋው በሙሉ ወይም በዋናው በሌላው ነጂ ጥፋት መድረሱን በማስረጃ ካሳየ ነው። ማስረጃው ደግሞ በክረምት ዕድሜው አጭር ነው። የጎማው ጭረት፣ የተበተነው መስተዋት፣ የጭቃው ፈለግ በአንድ ዶፍ ይታጠባል። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ፕላኑን እስኪያነሣ ድረስ መኪኖቹን አለማንቀሳቀስ፣ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ያዩትን ሰዎች ስምና ቀበሌ መጻፍ ከሁሉ በፊት የሚገባው ለዚህ ነው።

ከብቶቹንም እንዳንረሳ። በቁጥር 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው፤ በድንገት አምልጦት ቢሆን እንኳ። በማታ ዝናብ አስፋልቱ ላይ የተኛ በሬ ባጃጅ ገልብጦ እንደ ሆነ የበሬው ጌታ ይጠየቃል። ቁጥር 2074 ግን ለባለ ከብቱ አንድ መውጫ ትቶለታል፤ የራሱ ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ራሱን ለተጐዳው ሰው ለቆ ከዕዳው ሊወጣ ይችላል። አንድ ጥማድ በሬ ብቻ ላለው ገበሬ ይህ መውጫ ነው ወይስ ሌላ አደጋ? እናንተው ፍረዱ።

አሁን ወደ መድን እንምጣ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559፣ በኋላም በ2005 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 799፣ ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ እንዳይነዳ አዘዋል። በመስተዋቱ ላይ የምታዩት ስቲከር የዚህ ምልክት ነው። ብዙ የባጃጅ ባለቤቶች ግን ስቲከሩ የራሳቸውን ባጃጅ የሚያሠራላቸው ይመስላቸዋል፤ አያሠራም። የሚሸፍነው በሌላው ሰው አካል፣ ሕይወትና ንብረት ላይ የደረሰውን ነው። ይህም ቢሆን ጣሪያ አለው፤ አዋጅ 559 ሲወጣ የሞት ካሣ ጣሪያው 40,000 ብር ነበር። ከጣሪያው በላይ የሆነው ዕዳ አልጠፋም፤ በመኪናው ባለቤት ላይ ይቀራል። መኪናው ገጭቶ ቢያመልጥና ባይታወቅ ወይም መድን የሌለው ቢሆን ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። የቈሰለውም ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የለቅሶው ሰሞን ነው። ሽማግሌዎቻችን ደም ለማድረቅ መሐል መግባታቸው ትልቅ ሥራ ነው፤ ቂም እንዳይወለድ ያደርጋሉና አናቃልለውም። ነገር ግን በዚያው ድንኳን ውስጥ ጥቂት ገንዘብ ለተዝካር ተሰጥቶ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ መበለቲቱ በጣት አሻራዋ ትፈርማለች። በቁጥር 3312 እንዲህ ያለ የስምምነት ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቈጠራል። ዕርቁና ካሣው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የነገራት ሰው አልነበረም።

ለሐዘኑ የሚሰጠውን የሕሊና ካሣ ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። በ1952 ዓ.ም. ይህ ከባድ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የድንኳኑን ወጪ እንኳ አይሸፍንም፤ ሊሻሻል የሚገባው ይመስለናል። ዋናው ግን የሟቹ ጉልበት ነው። በቁጥር 2095 መሠረት የትዳር ጓደኛው፣ ልጆቹና ወላጆቹ ያጡትን መተዳደሪያ ይጠይቃሉ። ገበሬ የደመወዝ ደብተር ስለሌለው ነገሩ ይከብድ ይመስላል፤ ሆኖም ጉዳቱ በትክክል ሊሰላ ባልቻለ ጊዜ ዳኛው በርትዕ እንዲገምት ቁጥር 2102 ፈቅዶለታል። የመሬት ይዞታ ደብተሩን፣ በየዓመቱ ያገባውን ጤፍና በቆሎ የሚያውቁ ጐረቤቶችን ለወረዳው ፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል። የሚከሰሰው ባለቤቱ ነው፤ እሱም መድን ሰጪውን ወደ ክርክሩ ያስገባል።

ሌላም ስሕተት አለ። ነጂው በወንጀል ተከስሶ ነፃ ሲወጣ ቤተሰቡ «እንግዲህ ካሣውም ቀረ» ይላል። አልቀረም፤ የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በወንጀሉ ነፃ መውጣት እንደማይገደድ ቁጥር 2149 ይናገራል። አንዳንዱ ደግሞ የወንጀሉ ክርክር እስኪያልቅ ሲጠብቅ ጊዜው ያልፍበታል። በመሠረቱ የካሣ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ድርጊቱ ረዥም ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ያ ረዥሙ ጊዜ ይሠራል፤ ነገር ግን በዚህ ላይ ተማምኖ መቀመጥ አይገባም። ክረምቱ ሁለት ጊዜ ሲመላለስ ሁለቱ ዓመት ሞላ።