ጽጌያት በሣር መካከል

በእንግሊዝ አገር ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ዛፉም ቅጠል ሳይለብስ፣ ከሣሩ መካከል የሚወጡ አበቦች አሉ፤ ነጩ ስኖውድሮፕ በጥርና በየካቲት፣ ሐምራዊው ክሮከስ እርሱን ተከትሎ፣ ቢጫው ዳፎዲልም በመጋቢት። የእነዚህ ሁሉ ሕይወት ሽንኩርት በሚመስለው ሥራቸው ውስጥ የተሰወረ ነውና፣ ዛሬ ላወጋችሁ የምሻው ይህ ሥር በሣር ውስጥ ተተክሎ፣ የሰው ድካም ሳያሻው ከዓመት ዓመት ራሱን እያበዛ እንዲኖር ስለሚያደርገው ጥበብ ነው።

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በዚያ አገር ባለጸጎች ግቢ የነበረው ልማድ ሌላ ነበር፤ በመስተዋት ቤት ያደገ ችግኝ እየወጣ፣ በልዩ ልዩ ቅርጽ በተከፈለ መደብ ላይ በየኅብሩ ይደረደርና፣ ወራቱ ሲያልፍ ተነቅሎ በሌላ ይተካ ነበር። ይህን አጥብቆ የተቃወመው የአየርላንድ ተወላጁ አትክልተኛ ዊልያም ሮቢንሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው «የዱር አትክልት ስፍራ» በተባለ መጽሐፉ፣ ብርድን የሚችሉ አበቦች ከየትም አገር ቢመጡ፣ ያለ ሞግዚት ሊኖሩ በሚችሉበት ቦታ ይተከሉ ዘንድ አስተማረ፤ ኋላም በሰሴክስ አውራጃ በሚገኘው በግሬቭታይ ርስቱ ዳፎዲልን በብዙ ሺህ በሣሩ ውስጥ እያስተከለ ትምህርቱን በግብር ገለጠ።

አተካከሉ ቀላል ነው። በመስከረምና በጥቅምት ሥሩ በእጅ ተበትኖ፣ በወደቀበት በዚያው ቦታ፣ የቁመቱን ሦስት እጥፍ ያህል በጠለቀ ጉድጓድ፣ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይቀበራል፤ ሰው በዓይኑ እየመጠነ የተከለው እንደሆነ ሳያስበው መስመር ይሠራልና። ሣሩን የሚያፋፋ ማዳበሪያ ግን አይጨመርበት።

ዋናው ነገር አበባው ከረገፈ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ በዚህም ላይ ዘለግ አድርጌ ልናገር እወዳለሁ። ያን ጊዜ ቅጠሉ ይረዝማል፣ ይዘነበላል፣ ቆይቶም ቢጫ ይሆናል፤ ግቢው ጸድቶ እንዲታይለት የሚወድ ሰውም ይህን አይቶ ማጭድ ያነሣል፣ ወይም ቅጠሉን ሹሩባ አስመስሎ ጎንጉኖ ያስረዋል። ነገር ግን ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን የሠራውን ምግብ ወደ ሥሩ የሚያወርደው፣ የመጪው ዓመት የዳፎዲል ጽጌም በሥሩ ውስጥ መፀነስ የሚጀምረው በዚያው ወራት ገደማ ነውና፣ ያንን ቅጠል ማጨድም ሆነ ማሰር የሚመጣውን አበባ ሳይወለድ ማጥፋት ነው። ስለዚህ አበባው ካለፈ በኋላ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ሣሩ ሳይነካ ይቆያል፤ መልኩ ቢከፋም ይህን መታገሥ ግዴታ ነው እላለሁ።

በኦክስፎርድ የሞድሊን ኮሌጅ መስክ ይህ ትዕግሥት ከዚህም ይረዝማል። በዚያ በሚያዝያ ፍሪቲላሪ የሚባለው፣ ሐምራዊ መልኩ በትንንሽ አራት ማዕዘን የተዥጎረጎረ፣ አንገቱን የደፋ አበባ መስኩን ይሞላል፤ የኮሌጁ አጋዘኖችም አበባው ዘሩን እስኪያራግፍ ድረስ ወደ መስኩ አይለቀቁም። የረገፈው ዘር በቅሎ አበባ እስኪሰጥ ደግሞ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል።

በአውሮፓ ከተሞች ኖራችሁ ጥቂት ሣር ያለው ግቢ የደረሳችሁ አድማጮችም፣ ሣሩን ሁሉ ሳይታጨድ መተው ባይቻላችሁ፣ አንዱን ጥግ ለይታችሁ ለአበባው ስጡ፤ ለዚያም ጥግ ዳፎዲልንና ክሮከስን ምረጡ እንጂ ትልልቁን ቱሊፕ አትምረጡ፤ እርሱ በሣር መካከል ብዙውን ጊዜ ከዓመት ወደ ዓመት እየመነመነ ይጠፋልና።