ቋሚ ሞገድና የተማሪው ልኬት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለፊዚክስ መምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ሁላችንም በየዓመቱ ስለምናስተምረው ስለ ቋሚ ሞገድ ነው። ስሙ ቋሚ ይባል እንጂ ሞገዶቹ ከቶ አይቆሙም። የክራር አውታር ሲመታ ሞገዱ ወደ ሁለቱ ጫፎች ይጓዛል፤ ጫፎቹ የታሰሩ በመሆናቸውም ተገልብጦ ይመለሳል። ሄያጁና ተመላሹ ሲደራረቡ አንዳንዱ ቦታ እጅግ ይርገበገባል፤ አንዳንዱ ግን ጸጥ ይላል። ጸጥ ያለውን ነጥብ አንጓ እንለዋለን። ክራር ደርዳሪው አውታሩን እመካከሉ ላይ በስሱ ነክቶ ቢመታው፣ መካከሉ አንጓ ይሆንና ድግግሞሹ በእጥፍ ያድጋል። ርዝመቱ ሳይነካ በማክረር ብቻ ድግግሞሹን እጥፍ ለማድረግ ግን ውጥረቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት።

በቱቦ ውስጥ ያለ አየርም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው። በተዘጋው ጫፍ አየሩ መነቃነቅ ስለማይችል አንጓ ይፈጠራል፤ በተከፈተው ጫፍ ግን እንደ ልቡ ይርገበገባል። ስለዚህ ድምፅ የሚጎላበት የመጀመሪያው የቱቦ ርዝመት የሞገዱ ርዝመት ሩብ ነው ብለን እናስተምራለን። የእኔም ስሕተት የተጀመረው ከዚህ ላይ ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ ተማሪዬ በሴኮንድ 512 ጊዜ የሚርገበገበውን ሹካ መሰል ብረት መትቶ ውሃ በያዘ ቱቦ አፍ ላይ እየያዘ፣ ውሃውን ዝቅ በማድረግ ድምፁ የሚጎላበትን ቦታ ለካ። የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የድምፅም ፍጥነት በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለነበር፣ በቀመሩ መሠረት 16.7 ሴንቲሜትር ማግኘት ነበረበት። እርሱ የጻፈው 15.8 ነው። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳስቶ ይሆናል» አለኝ። በቀይ ቀለም ሰረዝሁበት።

ምክንያቱ በእርግጥ ስሕተት ነበር፤ የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው ሙቀት እንጂ የአየሩ መሳሳት አይደለምና። ልኬቱ ግን ትክክል ነበር። የሚርገበገበው አየር ከቱቦው አፍ ላይ አያበቃም፤ የራዲየሱን 0.6 ያህል ወደ ውጭ ይዘልቃል። የቱቦው ራዲየስ 1.5 ሴንቲሜትር ስለነበር፣ ጎደለ ያልሁት 0.9 ሴንቲሜትር ከቱቦው ውጭ ነበረ። ተማሪው በዚያው ወረቀት ሁለተኛውን ቦታ 49.3 ብሎ መዝግቧል። የሁለቱ ልዩነት 33.5 የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ነው፤ እጥፉ፣ ማለትም 0.67 ሜትር፣ በ512 ሲባዛ 343 ይሆናል። ማስረጃው በእጄ ሳለ አላየሁትም።

ባልደረቦቼ፤ ሸምበቆ በስቶ ዋሽንት የሚሠራ ሰው ቀመሩን ባያውቅም ድምፁን ሰምቶ ሥራውን ያርማል። እኔ ግን ቀመሩን ይዤ ድምፁን አልሰማሁም። የተማሪ ልኬት ከመጽሐፉ ተለይቶ ስናገኘው፣ ቀዩን ቀለም ከማንሣታችን በፊት ቱቦውን ራሳችን እንለካው ዘንድ አደራ እላለሁ።