የማሽላ ጠባቂው ጆሮ
(ስለ ምልክት ልየታ ቴዎሪ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ በሳይኮሎጂ ትምህርት «የምልክት ልየታ ቴዎሪ» የሚባለው ነው። ይህ ቴዎሪ የሰውን አእምሮ አሠራር በእውነት ይገልጻል ወይስ አይገልጽም የሚለው ክርክር ገና አላለቀም። ብዙዎቻችን ነገሩን ለፈተና ያህል አጥንተን እናልፈዋለን። እኛ ግን ክርክሩ እስከ ከሚሴና እስከ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ጤና ጣቢያዎች ድረስ የሚደርስ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

ነገሩ እንዲገባን በጨፋ ሜዳ ማሽላ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎችን እናስብ። ሌሊት ማማ ላይ ተቀምጠው ኮሽታ ይሰማሉ። ከርከሮ ነው ወይስ ነፋስ? ከርከሮ በመጣባቸው 50 ሌሊቶችና ነፋስ ብቻ በነፈሰባቸው 50 ሌሊቶች ፈተናቸው እንበል። ፊተኛው ከርከሮ ከመጣባቸው ሌሊቶች በ45ቱ ጮኸ፤ ነፋስ ብቻ ከነበረባቸውም በ25ቱ በከንቱ ጮኸ። ሁለተኛው ከርከሮ ሲመጣ የጮኸው 25 ጊዜ ብቻ ነው፤ በነፋሱ ግን ከ5 ጊዜ በላይ አልጮኸም። የማንኛቸው ጆሮ ይበልጣል?

ጉስታቭ ፌክነር በ1860 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) መጽሐፉን ካሳተመ ወዲህ የተስፋፋው ትምህርት፥ ስሜት እንደ ቤት ደፍ አለው ይላል። ድምፁ ደፉን ካለፈ ይሰማል፤ ካላለፈ አይሰማም፤ በነፋስ የጮኸ ሰውም በግምት የጮኸ ነው። በዚህ ሒሳብ ግምቱ ሲቀነስ የፊተኛው ጆሮ ከመቶ 80፥ የሁለተኛው ከመቶ 44 ይሆናል።

በ1954 ዓ.ም. ዊልሰን ታነርና ጆን ስዌትስ ከራዳር ሥራ ጋር የተወለደውን ሒሳብ ወደ ሳይኮሎጂ አመጡት። እነርሱ እንደሚሉት፥ ነፋሱም ከርከሮውም አንዳንዴ ጠንክሮ፥ አንዳንዴ ደክሞ ይሰማል፤ ጠባቂውም «ከዚህ ከበለጠ እጮኻለሁ» ብሎ ለራሱ ወሰን ያበጃል። የሁለቱ ድምፆች መዋዠቅ እኩል ነው ካልን፥ በዚህ ሒሳብ የሁለቱ ሰዎች ጆሮ እኩል ነው፤ የተለያየው ወሰናቸው ብቻ ነው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለውም ተረት የዓይንን ድክመት ሳይሆን የወሰንን ዝቅ ማለት የሚናገር ነው።

እንግዲህ ቁጥሩ አንድ ሲሆን ፍርዱ ሁለት ሆነ። ማን ትክክል ነው? መፈተኛው፥ አንዱን ሰው በዋጋ ወይም በቅጣት ወሰኑን እንዲለዋውጥ እያደረጉ ውጤቱን በሥዕል ላይ ማስቀመጥ ነው። የድሮው ደፍ እውነት ከሆነ ነጥቦቹ በቀጥታ መስመር ይሰለፋሉ፤ ካልሆነ ይጐብጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጐበጡ። ቢሆንም ደንከን ሉስ በ1963 ዓ.ም. ደፉን ዝቅ በማድረግ የደፍን ትምህርት እንደገና አቆመው።

ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ በ1999 ዓ.ም. ከባላክሪሽናን መጣ። የሰውን ዝንባሌ ስንለውጥ የሚለወጠው ወሰኑ ሳይሆን አሰማሙ ራሱ ነው አለ። ይህ እውነት ከሆነ ጆሮንና ወሰንን መለየት አይቻልም ማለት ነው። ሚሼል ትሬዝማን በ2002 ዓ.ም. ቴዎሪውን ደግፎ መልስ ሰጠ። ሙለርና ቫይደማንም በ2008 ዓ.ም. ወሰኑ ራሱ ከጊዜ ወደ ጊዜ እንደሚዋዥቅ ከታሰበ ተቃውሞ ያስነሣው ውጤት ሊገለጽ እንደሚችል አሳዩ።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው? የድብርትን ሕመም ለመለየት በጤና ጣቢያ የሚቀርበውን የዘጠኝ ጥያቄ ቅጽ ተመልከቱ። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ 27 ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ ሆስፒታል ጥናት 10ን ተስማሚ ወሰን አድርጎ አገኘ፤ በ2015 ዓ.ም. የወጣው የገጠር ጤና ጣቢያዎች ጥናት ግን 5ን። አንዲት የከሚሴ እናት በኦሮምኛ ተጠይቃ 7 ብታገኝ፥ በአንደኛው ወሰን ወደ ቤቷ ትሰደዳለች፤ በሌላው ትመረመራለች። እናቲቱ ያችው ናት፤ የተለወጠው ወሰናችን ነው።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። ቴዎሪው አእምሮን በትክክል መግለጹ ያከራክር፤ ነገር ግን ያገኘነውንና በከንቱ የጮኽነውን ለየብቻ ቁጠሩ የሚለውን ትእዛዙን ከተከራካሪዎቹ አንዱም አልጣለውም። «ከመቶ ይህን ያህል ትክክል ነው» የሚል አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣ ጥናት የሳታቸውን ሕመምተኞች ይደብቃል።

መምህራኖቻችንን የምንለምነው፥ ቅጽ ይዘው ወደ ዞኑ የሚወርዱ ተማሪዎች ወሰኑን ከሌላ አገር ወይም ከአዲስ አበባ ተውሰው እንዳይሄዱ፥ በኦሮምኛም በአማርኛም በየቋንቋው እዚያው ፈትነው ሁለቱንም ቁጥር እንዲያቀርቡ እንዲያዟቸው ነው። እናንተም ጓደኞቻችን በሚቀጥለው ሴሚናር ተቃውሞአችሁን ይዛችሁ ኑ።