በኃፍረተ ሥጋ ላይ ስለሚወጣ የቆዳ በሽታ
(ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



ቋንቋችን ራሱ «ኃፍረተ ሥጋ» ስለሚል፣ እዚያ ላይ የወጣን ነገር ለሐኪም ማሳየት ቢከብድ አያስደንቅም። ጉዳቱ የሚመጣው ተማሪው ከሐኪም ሸሽቶ የጓደኛውን ቅባት ሲዋስ ነው።

ብሽሽት ላይ የሚያሳክክ፣ ጠርዙ ቀልቶ እየሰፋ የሚሄድ ነገር ብዙ ጊዜ ጭርት ነው። ከጠርዙ ጥቂት ቅርፊት ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፈንገሱ ይገኛል፤ ክሎትሪማዞል ለጥቂት ሳምንታት ሲቀባ ይድናል። ቤታሜታዞን የተቀባ እንደሆነ ግን ቅላቱ ይጠፋል፣ ማሳከኩም ያርፋል፤ ፈንገሱ ግን ይስፋፋል። መልኩ ስለሚለወጥም ሐኪሙን እንኳ ያሳስታል። የዚያ ሥፍራ ቆዳ ስስ ነውና ቅባቱ ሲቆይበት ይበልጥ ይሳሳል፣ ሸንተረርም ያወጣል።

ሌሊት ሌሊት የሚብሰው እከክ ከሆነ ደግሞ አብረው የሚያድሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ካልታከሙ ተመልሶ ይመጣል። (መኝታ ቤታችንን ታውቁታላችሁ!)

ከሁሉ የምፈራው የማያመውን ነው። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥም ያለ መድኃኒት ይደርቃል። ባለቤቱ «ዳንሁ» ሲል በሽታው በሰውነቱ ውስጥ ይቀመጣል። በፔኒሲሊን መታከም የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 ነው፤ ዛሬም ቶሎ ለደረሰ ሰው በአንድ ቀን የሚወጋ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይበቃዋል። ቁስሉ በወጣ ሰሞን የደም ምርመራው ላያሳይ ስለሚችል፣ ሐኪሙ «ተመለስ» ካለ መመለስ ነው፤ አብሮ የተኛውም ሰው ይመርመር።