ገበያ ያቆመው ከተማና የገበሬው ድርሻ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የግብርና ልማት ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



 ስለ ቡና አያያዝ በየማሳችሁ ስለምንነጋገር፣ ዛሬ ቡናችን ስለሚወርድበት ስለ ጅማ መርካቶ ጥቂት ልበል።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ሲነግሡ መቀመጫቸው ጅሬን ነበረች። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም በኮረብታው ላይ ይታያል። ከእርሱ ዝቅ ብሎ ሂርማታ የሚባል ገበያ ነበር። ሂርማታን ያደመቀው ሸዋንና ከፋን የሚያገናኘው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነው። ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይሸጥበት ነበር። መሸሸግ የሌለበት ነገር ደግሞ፣ በዚያ ዘመን ሰውም እንደ ዕቃ ተሽጦበታል።

ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን በአዌቱ ወንዝ ዳር አዲሱ ከተማ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተገለበጠ፤ በቤተ መንግሥቱ ሥር የነበረው ገበያ ትልቅ ከተማ ሲሆን፣ የመንግሥት መቀመጫ የነበረችው ጅሬን የከተማው ዳርቻ ሆነች። ኸርበርት ሉዊስ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. እንዳዩት፣ በበጋ ጥሩ የገበያ ቀን እስከ 30,000 ሰው በሂርማታ ይሰበሰብ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ከተማን የሚያሳድገው ዕቃው የሚራገፍበትና ዋጋው የሚቆረጥበት ቦታ መሆኑን ነው። ቡናውን ያመረተው ገበሬ ግን ጀንፈሉን አራግፎ፣ በተነገረው ዋጋ ሸጦ ሲመለስ ኖሯል። ገበያውን ያቆመው እርሱ፣ በገበያው እንግዳው ደግሞ እርሱ!

ይህ የማይለወጥ ዕጣ አይደለም። ለምስክርነት ሩቅ አንሂድ፤ አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ አካባቢ ያሉ የዱሮሚና ማኅበር አባላት ቀደም ሲል ደረቅ ቡና በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጡ ነበር። ተደራጅተው የራሳቸውን ማጠቢያ ጣቢያ ካቋቋሙ በኋላ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ቡናቸው በዓለም አቀፍ ቀማሾች ዘንድ የአፍሪካ ምርጥ ተብሎ ተመረጠ። አፈሩ ያው ነው፤ የተለወጠው አያያዙና የባለቤቱ አቋም ነው።

ስለዚህ አደራ የምለው ይህንን ነው፦ ቀይ እሸቱን ብቻ እንልቀም፤ በለቀምንበት ዕለት ለማኅበራችን እናድርስ፤ ጀንፈል የምናዘጋጅም በመሬት ላይ ሳይሆን በአልጋ ላይ እናድርቅ። ከሁሉም በላይ፣ ችግር ቢያስገድደን እንኳ ቡናችንን ገና በአበባው ለአበዳሪ አንሽጥ፤ አስቀድመን ከማኅበራችን ጋር እንመካከር። ማኅበራትም አባሉ በክረምት ሲቸግረው የሚደርስበት የቁጠባና የብድር አገልግሎት ሊያስቡበት ይገባል። አለዚያ ምክራችን ባዶ ቃል ይሆናል።

አባቶቻችን ለገበያው ቡና አቀረቡ። የእኛ ትውልድ ደግሞ ዋጋ በሚቆረጥበት ቦታ መገኘት አለበት። ዩኒየኑ የተመሠረተው ለዚህ ነውና።